የስፖርተኛ ልብ

ወንድሜ ብሔራዊ ውትድርናን ሸሽቶ፣ እኔም እሱን ተከትዬ ናይሮቢ ስንገባ ኢስትሊ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየን። ለስደተኛ ሥራ አይፈቀድም። ቀኑ አልመሽ ሲለው ወንድሜ ሁለት የዘይት ቆርቆሮ ሲሚንቶ ሞላ፣ በውሃ ቧንቧ አያያዛቸውና ግቢው ውስጥ ብረት ማንሳት ጀመረ። ቁጭ ብዬ ከማይ እኔም አብሬው አነሳሁ። ጎረቤቶች ይስቁብኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሲስቁብኝ እልህ ይይዘኛል። ዓመት ሳይሞላ የእሱን ደረት ሸሚዝ አልበቃው አለ። የእኔ ክንድ ጠነከረ እንጂ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። «አንቺ፣ ጉልበቱን የት ነው የምትደብቂው?» እያለ ያሾፍብኝ ነበር።

በሁዳዴ ጾም አንድ ከሰዓት፣ ብረቱን መሬት አስቀምጦ ቀና ሲል ዘጭ አለ። ውሃ ረጨሁበትና ነቃ። «ጾሙ ነው» አለኝ። እኔም ጾሙ ነው አልኩ። በባዶ ሆዱ ብረት የሚያነሳ ሰው ቢወድቅ ምን ይገርማል? ፋሲካ ሲደርስ ረሳነው።

ወደ ሌላ አገር የምንሄድበት ጉዳይ ሲያልቅ የቀረን የጤና ምርመራ ብቻ ነበር። ሁለታችንም ካለፍን አብረን እንሄዳለን። በማታቱ፣ በናይሮቢ ሚኒባስ ታክሲ፣ ወደ መሀል ከተማ ሄድን። ራጅ አነሱን፣ ደረታችን ላይ ሽቦ ለጥፈው የልባችንን ምት ለኩ። የሁለታችንም ልብ ተለቅ ብሎ ተገኘ።

ሐኪሙ፣ አንድ ረጋ ያለ ህንዳዊ ሽማግሌ፣ የወንድሜን ክንድ ጨበጥ አድርጎ ፈገግ አለ። ብረት የሚያነሳ ወንድ የልቡ ግድግዳ ይወፍራል፣ ይሄ የስፖርተኛ ልብ ነው አለ። ራስህን ስተህ ታውቃለህ ወይ ብሎም ጠየቀው። ወንድሜ አላውቅም አለ። የዋሸ አልመሰለውም፤ ጾም በሽታ አይደለማ።

ወደ እኔ ሲዞር «እኔም ያንኑ ብረት ነው የማነሳው» አልኩት። ሴት ብታነሳም ልቧ ይህን ያህል አይወፍርም፣ ይሄ ሕመም ነው አለኝና ወረቀቴን ለብቻው አስቀመጠ።

ንዴቴ ልክ አልነበረውም። ብረቱ ወንድና ሴት ይለያል እንዴ? ወንድሜ አንቺን ጥዬ አልሄድም ብሎ ነበር፤ ሂድ፣ እከተልሃለሁ ብዬ የገፋፋሁት እኔ ነኝ። እሱ ሄደ። እኔ ሆስፒታል ተመላለስኩ፣ ክኒን ሰጡኝ፣ ብረት ከለከሉኝ። ክኒኑን እየተራገምኩ ነበር የምውጠው። ሲሚንቶው ግቢው ውስጥ ዝናብ ይመታው ነበር።

በሐምሌ ብርድ፣ እታች ያለው ባለሱቅ በስዋሂሊ «ዳዳ፣ ሲሙ!»፣ እህቴ ስልክ፣ ብሎ ጠራኝ። የደወለው ወንድሜ ጋ አብሮ የሚኖር ያገራችን ልጅ ነው። ድምፁን ስሰማ ነገሩ ገባኝ። ወንድሜ ስፖርት ቤት ውስጥ ብረቱን አስቀምጦ ቀና ሲል ወደቀ፤ አልነቃም።

«ጤነኛ ነበር እኮ» ይላል ልጁ እያለቀሰ። እኔ ማልቀስ አቃተኝ። የታየኝ ግቢያችን፣ ውሃ የረጨሁበት ፊቱ ነው።

«ሐኪሞቹ ልቡን አይተውት አብሮት የተወለደ ሕመም ነው አሉ» አለኝ። «በዘር ስለሚመጣ፣ ወንድም ወይም እህት ካለው ቶሎ ይመርመሩ ብለዋል።»

«እኔ ተመርምሬያለሁ» አልኩት።