ያበጠ ፊት፣ ሠላሳ አምስት በአርባ አምስት

ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ያለችውን ፎቶ አንሺ ተማሪዎቹ “ጆሮ ይታይ” ይሏታል። ቀኑን ሙሉ የምትለው እሱን ነዋ። ለውጭ ትምህርት ማመልከቻ የሚነሱት ፎቶ ጸጉር ጆሮን ከሸፈነ ይመለሳል።

ተማሪው ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ የእሷን የብረት መቁረጫዎች ማየት ይበቃል። ሳይጠየቅ የሚናገር ማስረጃ ማለት ይኼ ነው። የሚፈለገው የፎቶ መጠን እንደየአገሩ ይለያያል፤ ለየመጠኑም አንድ መቁረጫ አላት። ከአሥር ዓመት በፊት እረፍት ያልነበረው፣ አራቱም ጎኑ እኩል የሆነው የአሜሪካው መቁረጫ ዛሬ ዝጓል። ለአውሮፓ ሠላሳ አምስት በአርባ አምስት ሚሊሜትር የሚቆርጠው ግን በሁለት ዓመት ሦስት ጊዜ ተስሏል። ድሮ የሚሰለፉት ወንዶች ነበሩ፤ አሁን ከሦስቱ ሁለቱ ሴቶች ናቸው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አንዲት የምሕንድስና ተማሪ ገባች። ግራ ዓይኗ አብጦ ሊደፈን ምንም አልቀረው፤ ከንፈሯ ተሰንጥቋል። የነጻ ትምህርት ማመልከቻው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ የጎደላት ፎቶ ብቻ ነው። ወንድሟ ይህን ስለሚያውቅ ሌላ ቦታ አልመታትም። ጸጉሯን ጨብጦ ፊቷን ከበሩ መቃን ጋር ሁለት ጊዜ አላተመው፤ በዚህ መልክሽ ማን ይቀበልሻል ብሎም ሳቀባት።

እብጠቱ በኮምፒውተር እንዲጠፋላት ለመነች። ፎቶ አንሺዋ መመሪያውን በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ዓይን ይከፈት፣ አፍ ይዘጋ፣ ፎቶው አይነካካ ይላል። ነገሩ የሚገርመው እዚህ ላይ ነው፦ መመሪያው እብጠትን አይከለክልም፤ የሚከለክለው እብጠቱን ማጥፋትን ነው።

በረዶ በጨርቅ ጠቅልላ ዓይኗ ላይ ያዘችላት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የዓይኗ ቆብ በመጠኑ ተከፈተ። አሥር ጊዜ አንስታ አሥሩም አልሆነም፤ አሥራ አንደኛው ሆነ።

ያኔ ወንድምየው ገባ።

“እናት፣ ፎቶውን ያጥፉልኝ። የቤተሰብ ጉዳይ ነው።”

“ቤተሰብህን ቤትህ። እዚህ ደንበኛዬ ናት።”

“አንቺ አሮጊት፣ ጥርስሽን ላራግፍልሽ ነው?”

ካሜራውን ነጥቆ ከወለሉ ጋር አጋጨው፤ ሌንሱን በተረከዙ ፈጨው። ፎቶ አንሺዋ ግን ገና ሲገባ ፎቶው ያለበትን ካርድ ከካሜራው ነቅላ በመዳፏ ደብቃ ነበር። ፊቱን ሲያዞር ጉንጯ ውስጥ ወተፈችው። ካርዱ ካሜራው ውስጥ እንደሌለ ሲያይ አንገቷን አንቆ በቡጢ መታት። መንጋጋ ጥርሷ ተሰበረ። አፏን አልከፈተችም። ደሙን ዋጠችው።

እህትየው በርጩማውን አንስታ ጉልበቱን አለችው። ሲንበረከክ ደገመችው፤ ክርኑ ተንቋቋ። ሁለቱ እግሩን ይዘው ወደ ደጅ ጎተቱትና የብረት መዝጊያውን አወረዱበት።

አሥራ አንድ ሊሆን ዘጠኝ ደቂቃ ቀርቷል። ፎቶ አንሺዋ ካርዱን ከደምና ከጥርስ ስብርባሪ ጋር መዳፏ ላይ ተፋችው፤ በቀሚሷ ጠርጋ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካችው። ማመልከቻ ተቀባዩ ፕሮግራም ፎቶውን ሲመረምር አርባ ሰከንድ ፈጀ። ውጭ ያለው መዝጊያውን በድንጋይ እየደበደበ ሁለቱንም እገድላለሁ ይላል። ፎቶው አለፈ። ልጅቷ “ላክ” የሚለውን ተጫነችና፣ የፎቶ አንሺዋን ስልክ አንስታ ለፖሊስ ደውላ የወንድሟን ሙሉ ስም ተናገረች።