አብሾ የበላው ተማሪና የመምህሩ ቃል

ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ወዳለ አንድ የቅኔ ቤት የሄድኩት ስለ ትምህርቱ ልዘግብ ነበር። መምህሩ ገና ማስተማር ሲጀምሩ ከተማሪዎቹ ጎጆ ጩኸት ተሰማ።

ጎጆው ውስጥ ያለ አንድ ሃያ ዓመት ያልሞላው ዲያቆን ፊቱ ቀልቷል፤ ከንፈሩ ደርቋል። የዓይኑ ብሌን ከመጠን በላይ ሰፍቶ ከባዶ አየር ላይ አንዳች ነገር ይለቅማል። ጓደኞቹን አያውቃቸውም።

«መንፈስ ነው፤ ጠበል እንውሰደው» አለ አንዱ።

«ጠበሉ የትም አይሄድም። መጀመሪያ ምን እንደበላ ንገሩኝ» አሉ የኔታ።

ትምህርት ቶሎ እንዲገባው ብሎ አብሾ የሚበላ ተማሪ በአካባቢው አለ። አብሾ የሚሉት አጠፋሪስ የተባለውን መርዛማ ተክል ዘር ነው። መብላቱ ከታወቀ አይሠራም ስለሚባል ጓደኛ ለጓደኛ ምስጢር ይጠብቃል።

የኔታ አንዴ የሰሙትን አይረሱም። ተማሪዎቻቸው «አብሾ ቢበሉ ነው» እያሉ እንደሚያሟቸውም ያውቃሉ።

«አዎ፣ በልቻለሁ» አሉ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ። «ሦስት ቀን አብጄ በገመድ ታስሬያለሁ። አብሮኝ የበላው ጓደኛዬ ግን ሞተ። ቅኔውን ያወቅሁት ከዚያ በኋላ፣ ስንት ዓመት ለምኜ፣ ተርቤ ነው። አሁን የሚሸሽግ ካለ አብሮ ገዳይ ነው!»

«እኔ ነኝ የሰጠሁት፣ የኔታ» አለ ከተማሪዎቹ አንዱ። ከጋቢው ጫፍ የቋጠረውን ጥቁር ዘር ፈታ።

«ቁጣዬ ይቆይህ። ይልቅ ቃሬዛ አምጣ!»

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ዘሩን እንዳየች አምቡላንስ ጠራች። የልጁ ልብ በኃይል ይመታል፣ ሰውነቱ ይግላል፣ ሽንቱ ተይዟል። ስንት ፍሬ እንደሚገድል ጠየቅኋት።

«ልክ የለውም። የአንዱ ተክል ዘር ከሌላው ይለያል። አንዱን አሳብዶ የለቀቀ ሌላውን ይገድላል» አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ስሄድ ልጁ ሰው ለይቷል።

«የተማርኩት ሁሉ ጠፋኝ፣ የኔታ» አለ እያለቀሰ።

«ትናንት ጅብ ነህ ብለህ በትራስ ስትመታኝ የነበረውም ከጠፋህ ተመስገን ነው! ቅኔው ካልተመለሰ ከመጀመሪያው እንጀምራለን።»

ከየኔታ ጋር ወደ በረንዳው ስንወጣ፣ አብሾ መብላታቸውን ብጽፍ ቅር ይላቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። በሥራዬ ብዙ ሰው «ይህንን እንኳ ተወው» ብሎኛል።

«ጻፈው» አሉኝ። «የጓደኛዬን መሞት ግን አስቀድም።»