አራስ አታነብም

እኔ የፈለግሁት የንግድ ትምህርት ነበር። ዲላ ገበያ አጠገብ የጨርቅ ሱቅ ያላት ሴት ሌላ ምን ትፈልጋለች? ጎረቤቴ መምህርቷ ሥዕል አለች። ሦስተኛዋ፣ የጓሮ ክፍሌን የተከራየችው ነፍሰ ጡር ልጅ፣ ስለ ከዋክብትና ስለ ፕላኔቶች የሚያስተምረውን መረጠች። ሁሉም በስልክ የሚሰጥ ነጻ ትምህርት ነው፤ ያገኘችልንም እሷ ናት። ሦስታችን አንድ ላይ ካልሆነ አንማርም ስለተባባልን እንደ እቁብ ዕጣ ጣልን። ለልጅቷ ወጣ።

«እንግዲህ ሱቄን ዘግቼ ኮከብ ልቆጥር ነው» አልኩ። ተናድጄ ነበር፣ ምን እደብቃለሁ። ዕጣ ግን ዕጣ ነው፤ ለጎረቤት ወጣ ብሎ እቁብ የሚያፈርስ የለም።

እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሳሎኔ ውስጥ አንድ ስልክ ላይ ሦስታችንም አቀርቅረን እንማራለን። የተመዘገብነው በልጅቷ ስም ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ እያስቆመች ትተረጉምልናለች፤ ኔትወርክ ሲጠፋ እስኪመለስ ድረስ እንከራከራለን። ጁፒተር ያን ሁሉ ጨረቃ ይዞ እንደሚኖር ስሰማ «ዘመድ የበዛበት ቤት በሉኛ» ብል ሁለቱም በሳቅ ፍርስ አሉ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ወደድኩት። ጨርቅ እየለካሁ ለደንበኛ ስለ ሳተርን ቀለበት የማወራ ሆንኩ። ከወናጎ የምትመጣ አንዷ «እትዬ፣ መጀመሪያ ሜትሩን ጨርሺልኝ» አለችኝ።

ለልጅቷ ግን ጨዋታ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለች አባቷ ታመሙና እናቷ ፍስሐ ገነት ባለው ሱቃቸው እንድታግዝ ከትምህርቷ አስወጧት። ከዚያ ሹፌር አገባች፤ ባሏን ከገደብ ከተማ ሲመለስ ብቻ ነው የምናየው። «እትዬ፣ ጀምሬ የጨረስኩት ነገር የለኝም። ይሄን እንኳ ልጨርስ» ብላኝ ነበር። አንጀቴን በላችው።

የማጠቃለያው ፈተና እሁድ ይዘጋል። እሷ አርብ ወለደች። ሴት ልጅ ናት፣ ፀጉረ ብዙ። ደስ አለን፣ ወዲያው ደግሞ ጭንቅ ያዘን።

ቅዳሜ እናትየው ከፍስሐ ገነት መጡ። መጋረጃውን ዘጉ፣ ከትራሷ ሥር ቢላ አደረጉ፣ ስልኳን ከእጇ ወስደው ኪሳቸው ከተቱት። «አራስ አታነብም፣ ዓይኗ ይጠፋል» አሉ። እኔም አራስ ሳለሁ የተባልኩት ይሄንኑ ነው። ከነገሩ ጦም እደሩ ብዬ ተውኩት። ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ ራቷንም አልቀመሰችም።

እሁድ ከሰዓት ዶሮና ቅቤ ይዘን፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለን ገባን። ተማክረን ነው የመጣነው። መምህርቷ እናትየውን ማድ ቤት ውስጥ በወሬ ትይዛለች፤ እኔ በስልኬ በእሷ ስም ገብቼ ፈተናውን እከፍትና ጥያቄውን አነብላታለሁ። እሷ ዓይኗን ጨፍና ትመልሳለች፣ እኔ እጫናለሁ። እንዲህ ከሆነ አራስ አላነበበችም።

እንግሊዝኛዬ ይንገዳገዳል፤ እሷ ግን ግማሹን ሳነብላት ይገባታል። ሕፃኗን እያጠባች ስትመልስ ደህና ተጓዝን። ጨረቃ ለምን ሁልጊዜ አንድ ፊቷን ብቻ እንደምታሳየን የሚጠይቀው ላይ ስንደርስ ተጣላን።

«ስለማትሽከረከር ነዋ» አልኳት።

«ትሽከረከራለች እትዬ። እኛን ዞራ እስክትጨርስ ራሷንም አንዴ ትዞራለች።»

«ከዞረችማ ጀርባዋን ባየነው ነበር።»

ድሮም አፌ አያርፍም፤ ድምፄ ማድ ቤት ድረስ ተሰማ። ቀና ስል እናትየው የገንፎ ማማሰያቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ቆመዋል። መምህርቷ ከኋላቸው ሆና አልቻልኳቸውም በሚል ዓይን ታየኛለች።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ።

«የትምህርቷ ፈተና ነው እማማ። ዛሬ ካልጨረሰች ይዘጋባታል። የማነበው እኔ ነኝ፤ እሷ ይኸው ዓይኗን ጨፍናለች።»

ልጃቸውን ቆመው አዩዋት። ማማሰያውን ለመምህርቷ ሰጥተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ ሕፃኗንም ተቀበሏት።

«እሷ ያለችውን ተጫኚ» አሉኝ።

ተጫንኩ። ልክ ነበረች። የቀሩትንም ሳልከራከር እሷ እንዳለችው ተጫንኩ፤ ለእኔ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። በመጨረሻ ማለፏ ስልኩ ላይ ወጣ።

«አለቀ?» አሉ እናትየው።

«አለቀ እማማ። አልፋለች።»

እልልታውን አቀለጡት። የግቢው ሴቶች እየተሯሯጡ መጡ፤ አንዷ «መንታ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀች። «ልጄ ትምህርቷን ጨርሳ ነው» አሏት እናትየው። ሴቶቹ እየሳቁ እልልታውን ሲቀበሏቸው እሳቸው ወደ ልጃቸው ጎንበስ አሉ።

«ያኔ ከትምህርትሽ ያስወጣሁሽ እኔ ነኝ» አሏት። «አሁን ይቺን እኔ እይዝልሻለሁ፤ አንቺ ሌላ ጀምሪ።»