ክዳን የሌላት ማኪና

አራዳ ላይ ጣሊያኖች ሲነዷቸው የከረሙ ማኪኖች ለሽያጭ ተደርድረዋል። ዳር ቆሜ ሳይ አንድ ጎልማሳ በመካከላቸው ይዞራል። የበቅሎ አለንጋ ጨብጧል፤ በቅሎ ግን የለውም። ኩታው በአንድ ጎኑ ማኪና የረጨው ጭቃ ደርቆበታል፤ አላራገፈውም። ክዳን የሌላት ትንሽ ፈጣን ማኪና ፊት ቆመ።

«አያ፣ እሷስ ርካሽ ናት፤ ለዘወትር ግን አትሆንዎትም። ዝናብ ያበሰብስዎታል» አለው ደላላው።

«ያበስብሰኝ!» ብሎ ጮኸ። «ሰጋር በቅሎዬን ጣሊያኖች መድፍ ሊጭኑባት ነጠቁኝ። ከመንደሬ ከወለቃ በእግሬ ስመላለስ ባለማኪኖች ጭቃ እየረጩብኝ ያልፋሉ፤ ዞሮ ፊቴን ያየ የለም። ታዲያ ክዳን ምን ያደርግልኛል? ጭቃ ሲረጭባቸው የማን ፊት እንደሆነ ይዩት!»

ደላላው ከት ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ያ ጭቃ የኔም ኩታ ላይ አለ።