ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር

የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ጋሼ፣ በዐረብ አገር፣ ኮበር ከተማ አቅራቢያ ባለው ቤታቸው ዓርብ ዓርብ የማስተርስ ጽሑፋችንን ያርሙልን ነበር። እየሠራን የምንማር ነርሶችና መሐንዲሶች ነን። በእንግሊዝኛ «መረጃው ተሰብስቧል» ብዬ ስጽፍ እስክሪብቷቸውን ያስቀምጡና፣

«ማን ሰበሰበው? የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት የት ሄደ?» ይሉኛል።

«ጋሼ፣ ሳይንስ እኮ እንዲህ ነው የሚጻፈው።»

«አንዳንዴ ነው። አንቺ ግን ፈርተሽ ነው የተደበቅሽው። ጥፋተኛም ሲደበቅ እንዲሁ ነው የሚጽፈው።»

ዘንድሮ ልባቸውን አመማቸው። ሐኪሙ በአስቸኳይ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ይዛወሩ ቢልም መሥሪያ ቤታቸው የኢንሹራንሱን ፈቃድ ሳይልክ ዋለ፤ አደረ። በማግሥቱ ጋሼ አረፉ።

አለቃቸው ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። በእንግሊዝኛ፣ «በጣም ያሳዝናል፤ ፈቃዱ ሳይፈረም ቀረ» አለኝ።

«ማን ሳይፈርም ቀረ?» አልኩት።

«አሠራሩ ነው…»

«አሠራር እጅ የለውም። የሚፈርመው ማን ነው?»

የጋሼ ሚስት፣ እትዬ፣ እጄን ያዙኝ። ሰውዬው፣ «እኔ ነኝ። ስብሰባ ላይ ነበርኩ» አለ።

እትዬ ዕቃቸውን ሸክፈው አገር ቤት ገቡ፤ ዓርብ የምሄድበት ቤት የለኝም። ሰውዬው ደጋግሞ እየደወለ ይቅርታ ይጠይቀኛል። ወዳጆቼም «ኸላስ፣ በቃ፣ የሞተ አይመለስ፤ ተዪው» ይሉኛል። እሱ ግን ዛሬም እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ የሌሎች ሰዎችን ፈቃድ ይፈርማል። ይቅር አላልኩትም።