አያ አበረ የመረጉት ግድግዳ

አያ አበረ ጭቃ መምረግ የጀመሩት በአሥራ አራት ዓመታቸው፣ ሉማሜ ላይ ነው። አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ሲመርጉ ኖረው፣ የመረጉትን ሊያዩ ተመልሰው አያውቁም። በ2002 ዓ.ም. መስከረም ግን የታጠበ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ እንደ ማንኛውም ጎብኚ ትኬት ቆርጠው፣ ደብረ ማርቆስ ካለው ጥንታዊ ግቢ ገቡ። ሻይ ልጠጣ ነው ቢሉም፣ የመጡት ለግድግዳው ነው።

ባለፈው ዓመት ከግቢው አምስት አሮጌ ክፍሎች አንዱ ለሻይ ቤት ሲታደስ፣ ኢንጅነር ትዕግስት ሁሉም በሲሚንቶ ይለሰን አለች። ለምርጉ የተቀጠሩት አያ አበረ እምቢ አሉ። “ድንጋዩ የተያያዘው በጭቃ ነው። ጭቃ ዝናቡን ይጠጣል፣ ፀሐይ ስትወጣ መልሶ ይተነፍሳል። ሲሚንቶ ግን ያፍነዋል፤ ውሃው ውስጡ ይቀራል።” በመጨረሻ ዝናብ ከሚመታቸው ሁለት ግድግዳዎች አንዱ በሲሚንቶ፣ አንዱ በጭቃ እንዲሆን ተስማሙ። ክረምቱን የቻለው የቀሩትን አራት ክፍሎች ይወስዳል።

አያ አበረ ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር ሦስት ሳምንት አቦኩት። ለምን ሦስት ሳምንት? ጭዱ በስብሶ እንደ ሙጫ እስኪይዝ ነዋ! ሳይቦካ የተመረገ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የቦካው ደግሞ አይጣል ነው ሽታው!

የሻይ ቤቱ ባለቤት ሥራነሽ ከበር ተቀበለቻቸው። “አያ አበረ! ያን ሁሉ ሽታ ጥለውብኝ ጠፍተው፣ ዛሬ በጋቢ አምረው መጡ?”

“አልለቀቀሽም እንዴ?”

“ጦስኝ ሻይ አፍልቼ አፍልቼ አባረርሁት።”

ብርጭቋቸውን ይዘው መጀመሪያ ወደ ሲሚንቶው ዞሩ። ቀለሙ እስከ ወገብ ድረስ አብጦ ተልጧል፤ ሥራነሽ ወንበሮቹን አርቃለች። ከዚያ ወደ ራሳቸው ግድግዳ ሄደው ጎንበስ አሉ፤ እርጥበት የሚጀምረው ከታች ነው። የእጃቸውን ጀርባ አስጠጉ። መዳፋቸውማ ከሥራ ብዛት ደድሮ ብርድና ሙቀት አይለይም።

ደረቅ ነው። አንድ ስንጥቅ እንኳ የለም።

ሁለቱን ግድግዳዎች ለማየት የተቀጣጠሩበት ቀን ነበርና ትዕግስትም ደረሰች። ዳሰሰች፣ በጣቷ አንኳኳች፣ ዝቅ ብላ አየች።

“አሸነፉኝ፣ አያ አበረ።”

“አዎ፣ አሸነፍሁሽ!” አሉ፤ ደስታቸውን ሊደብቁት አልሞከሩም።

“አራቱም ክፍል በጭቃ ይሁን። ስንት ሠራተኛ ይበቃዎታል?”

“ሁለት። ግን ጭቃው የሚረገጠው በባዶ እግር፣ እስከ ጉልበት ተገብቶ ነው። ጫማ ማውለቅ የማያፍር ይሁን። አንዷ አንቺ ብትሆኚ እወዳለሁ፤ የተማረ ሰው ይወቀው።”

ሥራነሽ ትሪዋን እንደያዘች በሳቅ ፈነዳች። ትዕግስት ጫማዋን አየች፣ ወንበር ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

“እሺ፤ ከምንድን ነው የሚጀመረው?”

“ከአፈሩ” አሉ አያ አበረ፣ ብርጭቋቸውን ወደ ጎን ገፋ አድርገው። “ሁሉም አፈር አይሆንም። ስሚኝ...”