ስፌት የሌለው ቺንጋ

ሰፊዋ ጡረታ በወጣች በሦስተኛው ወር ልጇ «ቤቱን ቀለም ላስቀባልሽ» ብላ መጣችና ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ያለውን ኮተት ሁሉ ታወርድ ጀመር። ሻንጣው ወረደ፤ የተሰበረው ጃንጥላ ወረደ፤ በአሮጌ አንሶላ የተጠቀለለ አንድ ከባድ ነገርም ወረደ። ልጅቷ አንሶላውን ገለጥ አድርጋ አየችና «እማዬ፣ ይሄ ይጣላል አይደል?» አለች።

«እሷን ንኪና እንተያያለን!» አለች ሰፊዋ ከጓዳ እየሮጠች። እጇ ላይ ያለው የሳሙና አረፋ እንኳን አልታጠበም።

ሸክላ ማጫወቻ ናት። እንደ ሻንጣ ተዘግታ በእጀታዋ የምትንጠለጠል፣ ድምፅ ማጉያዋ ክዳኗ ላይ ያለ፣ በዘመኗ ሰው የሚኮራባት ዕቃ። ሥራ ካቆመች ግን ሠላሳ ዓመት አልፏታል። ከእሷ ጋር የተጠቀለለችው ሸክላም አንዲት ብቻ ናት። የዛሬ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሰፊዋ የምትሠራበት የልብስ ፋብሪካ ምሥረታውን ሲያከብር ሠራተኞቹን ሰብስቦ ያስቀረጻት ናት። ሽፋኗ ላይ የአንዲት ቆንጆ ልጅ ፎቶና ስም አለ። ያቺ ቆንጆ ከኋላ ሆና ከሚቀበሉት አንዷ ነበረች። ከፊት የዘፈነችው ሰፊዋ ናት። ይህን የምትለው እሷ ብቻ ናት እንግዲህ። አብረዋት የነበሩት ግማሾቹ ሞተዋል፣ ግማሾቹም የት እንደገቡ አይታወቅም።

ታላቅ ወንድሟ በየእሑዱ ምሳ የሚበላው እሷ ጋ ነው። የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆኖ ጡረታ የወጣ፣ ኮሌታው ላይ አንድ ክር የማይገኝበት፣ በተለይ ደግሞ በእጅ ጽሑፉ የሚኮራ ሰው ነው። በቤተሰቡ ውስጥ ማመልከቻ የሚጽፈው እሱ፣ የሠርግ ጥሪ ሲኖር በየፖስታው ላይ ስም የሚጽፈው እሱ። እሷም ዕድሜዋን ሙሉ «ወንድም ጋሼ» እያለች ስታከብረው ኖራለች። የዚያን እሑድ ማጫወቻዋን ጠረጴዛው ጥግ ላይ ሲያያት ፊቱ ቅጭም አለ።

«ይቺ ነገር አሁንም አለች?»

«አለች። ላድሳት ነው።»

«አድሰሽ ምን ልታጫውቺባት? ያቺን የሰው ዘፈን?»

«የሰው አይደለም፤ የእኔ ነው።»

«ኧረ ተይ እቴ! አንቺ ከኋላ ሆነሽ ታጨበጭቢ ነበር። ስሙ ሽፋኑ ላይ አለ፤ ማንበብ ነው።»

ይህን ስትሰማ የመጀመሪያዋ አይደለም። የጎዳት ሌላ ነው። ልጇ ትከሻዋን እቅፍ አድርጋ «እማዬ፣ በቃ ተይው። ዘፈንሽም አልዘፈንሽም እኛ እንወድሻለን» አለቻት።

ምን ዓይነት ነገር ነው! ወንድሟስ ይሁን፣ ለምዳዋለች። የወለደቻት ልጅ እንደ ሕፃን ስታባብላት ግን ደሟ ፈላ። አርባ ዓመት በስፌት መኪና አሳድጋ፣ አስተምራ፣ በመጨረሻ ቀጣፊ ተብላ ልትታቀፍ! ሳህኖቹን አንድ ላይ እያንጋጋች ሰበሰበችና «የሚመጣው እሑድ ይቺ ማጫወቻ ትዘፍናለች» አለች፤ «ያን ጊዜ ማን ምን እንደነበረ እንተያያለን።»

ሰኞ ማጫወቻዋን አንጠልጥላ ራዲዮ ጠጋኙ ዘንድ ሄደች። ጠጋኙ ክዳኗን ከፈተ፣ ሸክላ የሚቀመጥባትን ሳህን አነሳ፣ ከዚያ ሳቀ።

«እትዬ፣ ይቺ እኮ ከእንግዲህ ለጌጥ ነው የምትሆነው። አበባ ይትከሉባት።»

«አበባውን አንተ በርህ ላይ ትከል። ምኗ ነው የሞተው?»

«ቺንጋዋ ቀልጧል። ሞተሩን ከሳህኑ ጋር የሚያገናኘው ላስቲክ ማለቴ ነው። ደግሞም የሚሸጥ የለም። ይሄ ለእርስዎ የሚሆን ሥራ አይደለም።»

«ቺንጋ ነው ያልከው?»

«አዎ፣ ቺንጋ።»

«አንተ ገና ሳትወለድ የስፌት መኪና ቺንጋ ስቀይር ነበር!» አለችው። ክዳኗን ጠርቀም አድርጋ ዘግታ ወጣች። ጠጋኙ ከኋላዋ «መርፌውን በጣት እንዳይነኩት፣ እትዬ!» ብሎ ጮኸ። መርፌ አያያዝ ለሰፊ ሊያስተምር! መንገዱን ሙሉ ብቻዋን እየተነጫነጨች ቤቷ ገባች።

ስለ ሸክላ ማጫወቻ ሆድ ዕቃ የምታውቀው ነገር አልነበረም። ይህን ደግሞ ለማንም አልተናገረችም። የመቁረጫ ጠረጴዛዋ ላይ ነጭ ጨርቅ አነጠፈች፤ የፈታችውን ብሎን ሁሉ በፈታችበት ተራ ጨርቁ ላይ እየደረደረች በጠመኔ አጠገቡ ቁጥር ጻፈች። የድሮው ቺንጋ እንደ ሬንጅ ቀልጦ፣ በሚጠመጠምበት የሞተሩ ፑሊ ላይ ተጣብቋል። በጥጥና በአልኮል ስታሸው ዋለች፤ ጥፍሯ ጠቆረ። ሳህኗ የምትዞርበት ዘንግ ላይ ያለው ቅባት ደርቆ ማስቲካ ሆኗል። እሱንም ጠርጋ ከስፌት መኪናዋ ዘይት ጠብ አደረገችበት። መርፌዋ ጫፍ ላይ የአቧራ ጥቅል ተሸክማ ነበር። በአጉሊ መነጽር እያየች በለስላሳ ብሩሽ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ አራገፈችላት። ከዚያ ሞተሩን ኤሌክትሪክ ላይ ሰክታ ብታስነሳው እሱ ብቻውን ሽው አለ። ሰፊዋ ወንበሯ ላይ ዘፍ ብላ እንደ ልጅ ሳቀች።

የቀረው ቺንጋው ነው። እሱማ ለእሷ ምኗ ነው! ለቀሚስ ወገብ የሚገባውን ጠንካራ ላስቲክ በልኩ ቆረጠች፤ ጫፍና ጫፉን ገጠመች፤ በጠንካራ ክር ሦስት ጊዜ ደጋግማ ሰፋችው። ስፌቱን ብትጎትተው ነቅነቅ አይልም። ለሞተሩም፣ ለፑሊውም፣ ለምኑም ዘይት ሰጠች። ስፌት መኪና ዘይት ሲጠጣ ነው የሚሠራው ብላ ነዋ። ሳህኗ ዞረች! ሸክላዋን ግን አልጫነችባትም። ያለቻት አንዲት ናት፤ መሞከሪያ አላደርጋትም አለች።

እሑድ ምሳ እንደተነሳ ሸክላዋን ጫነች። ወንድሟ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል፤ ልጇ ከአጠገቡ። መርፌዋ አረፈች። መጀመሪያ ጭርርር አለ። ከዚያ አንድ ድምፅ መጣ፤ ወፍራም፣ የሚጎተት፣ የወንድ ይሁን የሴት የማይለይ። ሳህኗ አንድ በዞረች ቁጥር ደግሞ «እቅ!» ይላል። ይዘፍናል፣ እቅ! ይጎተታል፣ እቅ!

«ዘፋኟን ስቅ ይዟታል!» አለ ወንድሟ፤ ጉልበቱን እየመታ። «ኧረ ውኃ ስጧት ሰዎች!»

ልጇ ላለመሳቅ ከንፈሯን ነከሰች፤ አልሆነላትም። ሰፊዋ መርፌዋን አነሳች። ሲወጡ በሩ ድረስ ሸኘቻቸው፣ ዘጋች፣ ጓዳ ገብታ ምርር ብላ አለቀሰች። ወንድሟ ስለሳቀ አልነበረም። ያ የወፈረው ድምፅ የእሷ መሆኑን ለአንድ አፍታ እሷም ተጠራጥራ ነበር፤ ያ ነው ያስለቀሳት።

ሲበቃት ፊቷን ታጠበች። «አይ፣ እንዲህማ አልቀርም» አለች ጮክ ብላ፤ ቤቱ ውስጥ የሚሰማት ሰው ሳይኖር። ቺንጋውን አወጣችና ዓይኗን ጨፍና በሁለት ጣቶቿ መሐል ቀስ እያደረገች አሳለፈችው። ልሙጥ፣ ልሙጥ፣ ልሙጥ፣ ከዚያ ጉብ። የገዛ ስፌቷ ነው። የኮራችበት፣ ሦስት ጊዜ የደጋገመችው ስፌት ፑሊው ላይ በደረሰ ቁጥር ሸክላዋን እያደናቀፈ ነው። ዘይቱም ቺንጋውን እያንሸራተተ ነው፤ ድምፁ የወፈረው ለዚህ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ የገጠማትን ችግር ሁሉ በስፌት የፈታች ሴት፣ የማይሰፋ ነገር ገጠማት በሉኛ!

ማክሰኞ ጎማ ጠጋኙ ዘንድ ሄዳ አሮጌ የከባድ መኪና የውስጥ ጎማ ለመነች። «ለምንዎት ነው፣ እናቴ?» ሲላት «ለዘፈን» አለችው። ሰውዬው ጤንነቷን ተጠራጥሮ ሳይከራከር ሰጣት። ጎማው ቱቦ አይደል? ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በጠረጴዛዋ ላይ ጠፍጠፍ ብሎ ሲተኛ ከወዲያ ወዲህ አግድም ብትቆርጠው ከመቀሷ የሚወጣው ሙሉ ቀለበት ነው። መነሻም መድረሻም የለውም፤ ስፌትም አያሻውም። የልብስ መቀሷን ስላ ቆረጠች። የመጀመሪያው ጠመመ። ሁለተኛው መሐሉ ላይ ቀጠነ። ሦስተኛውን ስትጨርስ መቀሷ ሳተባትና ጣለችው። አራተኛው ዳር ዳሩ እኩል ሆኖ ወጣ።

ፑሊውን ከዘይት አጽድታ ቺንጋውን አጠለቀችለት። የሸክላዋ ፍጥነት መሐሏ ላይ ተጽፏል፤ በደቂቃ አርባ አምስት ዙር። ሳህኗ ጠርዝ ላይ ነጭ ወረቀት ለጥፋ የግድግዳ ሰዓቱን እያየች ቆጠረች፤ አርባ ዘጠኝ ሆነ። ጎማው ወፍሮ ሳህኗን አፍጥኗታል። አውልቃ በእንጨት ማለስለሻ ወረቀት ዙሪያውን ፈገፈገችው፤ አርባ ስምንት። ደግማ ፈገፈገችው። ረቡዕ አርባ ሰባት፣ ሐሙስ አርባ ስድስት። ጎረቤቷ በመስኮት ብቅ ብላ «እትዬ፣ ምን ትቆጥሪያለሽ?» ብትላት «ዕድሜዬን!» አለቻትና ቆጠራው ተምታታባት፤ እንደገና ከአንድ ጀመረች። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ጊዜ ቆጥራ ሦስቱንም ጊዜ አርባ አምስት ላይ ቆመ።

እሑድ ወንድሟ ገና ከበር «እህሳ፣ ስቁ ለቀቃት?» እያለ ገባ። «ተቀመጥ» አለችው። ምሳ እንኳን አላቀረበችም።

መርፌዋ አረፈች። መጀመሪያ ከሸክላዋ የመቀስ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ምቱን የያዘው እሱ ነው። ከዚያ የሃያ አራት ዓመት ሴት ድምፅ ክፍሉን ሞላው፤ ጥርት ያለ፣ ደፋር፣ ማንንም የማይለማመጥ። ልጅቷ ከሁለተኛው ስንኝ በፊት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ልጅ ሆና ትኩሳት ሲይዛት በጆሮዋ ቀስ እያለ ያስተኛት የነበረው ድምፅ ነው።

«እማዬ» አለች፤ «አንቺ እኮ ነሽ!»

«ታዲያ ምን ስልሽ ኖሬያለሁ?»

ልጅቷ ሽፋኑን አነሳች፣ የተጻፈውን ስም አየች፣ ወደ አጎቷ ዞረች። «ታዲያ የእማዬን ስም ከዚህ ላይ ማን አስቀረው?»

ወንድሟ ቀና አላለም። «አጥፊው» አለ።

«አላጠፋም።»

«አጥፊውና ልናገር።»

«እየዘፈንኩ ተናገር።»

ድምፁ ከዘፈኑ ሥር ሆኖ በግድ ተሰማ። «እኔ ነኝ። ለፋብሪካው ደብዳቤ ጻፍኩ። የእህቴ ስም ሸክላ ላይ እንዳይወጣ ብዬ ጻፍኩ። አባባ ቢሰማ በቁሙ ይሞታል ብዬ ነው።»

ሰፊዋ ክው አለች። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ የፋብሪካው አለቆች ስሜን ያስቀሩት በድምፄ አፍረው ነው ብላ ነበር የምታስበው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ፊት አንድም ቀን አልዘፈነችም፤ ለልጇም በጆሮዋ ነው እንጂ ጮክ ብላ አላዜመችም። እንባዋ ግን አልመጣም፤ ባለፈው እሑድ አልቆ ነበር።

«አባባ ከሞተ ሃያ ዓመት ሆነው» አለች። «ሃያውን ዓመት ማንን ፈርተህ ነው ቀጣፊ ያደረግኸኝ?»

«ይቅር በይኝ እህቴ።»

«እሱን በኋላ እናያለን።» ከመሳቢያዋ እስክሪብቶ አወጣች፤ ሽፋኑን ከልጇ እጅ ተቀብላ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት። «ስሜን ያስቀረኸው በዚያ በሚያምረው ጽሑፍህ ነው። በእሱው መልሰህ ጻፈው። ሙሉ ስሜን፣ ከነአባቴ።»

«አሁን እጄ...»

«ጻፍ፣ ወንድም ጋሼ።»

ጻፈ። በሕይወቱ እንደዚያ የከፋ ጽሑፍ ጽፎ አያውቅም፤ ፊደሎቹ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ብለው እርስ በርስ ተጋጩ። የአባታቸው ስም ላይ ሲደርስ ቆመ፤ የእሱም አባት ስም ነው። ጨርሶ ሽፋኑን ሰጣት። እሷም መነጽሯን አድርጋ ፊደል በፊደል አነበበችው፣ ምንም ስሕተት አላገኘችበትም፣ ማጫወቻዋ ላይ አቆመችው። ልጇ ልታቅፋት ስትነሳ በእጇ ምልክት አድርጋ አስቀመጠቻት። ከዚያ ሸክላዋን አንስታ ገለበጠቻት። በሁለተኛው ፊትም የምትዘፍነው እሷ ነበረች።